የቤንዚን ፓምፑ ምን አጠፋ?

መኪናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችብኝ አባይ ድልድይ ላይ ነው። ከኋላዬ የባጃጅ መዓት ጥሩንባውን ያስጮኻል፣ ከፊቴ ትራፊኩ እጁን እያወናጨፈ "ኧረ አንሺያት እህቴ!" ይለኛል። በጀርባዬ አዝዬ ላንሳት? መጀመሪያ እንቅ አደረጋት፣ ቀጥሎ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ጭጭ። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ሞተሩ ይስላል እንጂ አይነሳም። አሥር ደቂቃ ተሰድቤ፣ አሥር ደቂቃ ተሳድቤ እንደገና ስሞክራት ምንም እንዳልነካት ሆና ተነሣች። አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸ ነው። ጭራሽ ብትሞት ሞተች ብዬ እርሜን አወጣ ነበር።

የዚያን ሰሞን ግን እንድትሞት አልፈልግም። አባየ የምላቸው አባቴ እኔ ቤት ነበሩ። አባየ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ባለች ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። አራት ዓመት ሆኗል ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው። መጀመሪያ ፊደሉ ተምታታባቸው፣ ቀጥሎ መስመሩ፣ በመጨረሻ ብራናው ራሱ ጠፋ። ከደብሩ ደረጃ ላይ ወድቀው ክንዳቸውን የተሰበሩ ጊዜ ነው፣ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ያመጣኋቸው። በገዛ እጃቸው የጻፉት ድጓ አለ። እሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይዳብሱታል። "አንድ ጊዜ ባየው" ይላሉ። እስከ ዛሬ ሌላ ነገር ለምነውኝ አያውቁም።

እንግዲህ የዓይን ሐኪሞች ከወረታ አለፍ ብሎ ወዳለ ሆስፒታል ለአምስት ቀን እንደሚመጡ ሰማሁ። ሮጬ ካርድ አወጣሁላቸው። የደረሳቸው የመጨረሻው ቀን ነው፤ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ያ ቀን ካመለጠን ሐኪሞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። በሚኒባስ እንዳንሄድ ነዳጅ ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ማደያ በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ የሚንቀሳቀሰውም ቢሆን መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። ስለዚህ የአባየ ዓይን በዚች በአሮጊት መኪና ላይ ተንጠለጠለ። ገና አራት ሳምንት ነበረኝ፤ አሠራታለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የሰፈራችን መካኒክ ኮፈኑን ከፈተና ውስጡን እንኳ በደንብ ሳያይ "ፓምፑ ነው" አለኝ።

"በምን አወቅህ?"

"እህቴ፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።"

"ሃያ ዓመትህን አልጠየቅሁህም። ፓምፑን አይተኸዋል ወይ ነው ያልሁህ።"

ከጫማዬ እስከ ራሴ አየኝና ሣቀ። ቤንዚኑን ከታንከሩ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው እሱ እንደሆነ፣ ሲደክም መኪና እንደሚያንቅ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት እያደረገ አስረዳኝ። ይኸ ነገራቸው ነው ደሜን የሚያፈላው። ወንድ ሆኜ ብመጣ ኖሮ ፓምፑን ፈትቶ እጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ለማንኛውም ፓምፑ ተለወጠ። ደህና ሄደች፤ ሰኞ ጧት ሥራ ልገባ ስል ቤዛዊት ዳገት ላይ ቀጥ አለች።

"እንግዲህ ፊልትሮው ነው" አለ መካኒኩ። ቤንዚኑ የሚጣራበት ማጣሪያ ማለቱ ነው። ፊልትሮው ተለወጠ፤ ሳምንቱን ሙሉ ምንም አላለችም። ሰኞ ደረሰና እንደገና አነቃት። ሰኞ ሰኞ ነበር የሚብስባት፤ የቀኑን ነገር ማን ልብ ብሎት! እኔ የማየው የሚያልቀውን ቀን ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቤንዚኑና አየሩ የሚደባለቁበትን ካርቡሬተር ፈታው። ከሥሩ የቀረችውን ቤንዚን መዳፉ ላይ ገለበጣት። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋው። በቤንዚኑ መሐል ሁለት ሦስት ጠብታ ለብቻቸው ይንከባለላሉ።

"ውሃ ነው" አለ። "ቤንዚንሽ ውሃ አለው። ከየት ነው የምትቀጂ?"

እሳት ለበስሁ። እኔ እኮ ኮሌጅ ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ውሃና ቤንዚን አንድ ብርጭቆ ውስጥ ቢገቡ ውሃው ከሥር፣ ቤንዚኑ ከላይ ሆነው እንደሚለያዩ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ የማሳይ እኔ ነኝ። እኔን በውሃ!

ቤንዚን የምቀዳው ከቤቴ ጀርባ በሯ ላይ በጀሪካን ከምትሸጥ ጎረቤቴ ነበር። ማደያ ሲደርቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚሮጠው። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ሄድሁባት።

"አንች! ቤንዚን ነው የምትሸጭልኝ ወይስ ጣና ወርደሽ ቀድተሽ ነው የምትመጭ?"

"ምን አልሽ?"

"ውሃ ነው የሸጥሽልኝ! ሌባ!"

"ማርያምን! ጠብታ አልቀላቀልሁም። ልጆቼን!"

"ማርያምን አትጥሪብኝ! ልጆችሽንም አታንሽብኝ! በዚህ ነው የምታሳድጊያቸው?"

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ባለ ባጃጅ ሊቀዳ የያዘውን ፕላስቲክ ይዞ ዘወር ብሎ ሄደ። ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የጀመርሁትን ስድብ ለመጨረስ ከቤቷ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እየዞርሁ እየተመለስሁ ተሳደብሁ።

መካኒኩ ታንከሩን አውርዶ ገለበጠው፣ አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። እኔ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ማደያ ተሰለፍሁ። ጧት የተሰለፍሁ ማታ ነው የቀዳሁ። ፀሐዩ፣ ግፊያው፣ "ሴት እኮ ናት አሳልፏት" እያለ በእኔ ስም የራሱን መኪና ሊያስገባ የሚሞክረው ሁሉ፣ ፍዳዬን አየሁ። ግን ንጹሕ ቤንዚን ነው፤ ዓይኔ እያየ ነው የተቀዳው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ በረረች። ሰኞ ግቢያችን በር ላይ ቆመች።

መካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈታ። ውሃ!

"እንግዲህ ማደያው ይሆናል" አለ ራሱን እያከከ።

"እንግዲህ አንተ ትሆናለህ!" አልሁት። "ደንበኛ እንዳያመልጥህ አንተው እየጨመርህ ነው። ሌላ ማን ይነካታል?"

ካቻቢቴውን ወርውሮ ተነሣ። "ሴትዮ፣ መኪናሽን ውሰጂልኝ። ሰው አክብሬ ነው ዝም ያልሁት።" ትንሽ ተራመደና ተመለሰ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የታንከሩ ክዳን ቁልፍ የለውም። ግቢሽ ውስጥ ማን ይውላል?"

"አባቴ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው አያይም፣ መሪጌታ ናቸው። እሳቸውን ልትጠረጥር ነው? አታፍርም!"

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በእውነት አፈረ። እኔም ያሳፈርሁት መስሎኝ ኮራሁ።

ቤት ስገባ አፌ አያርፍም ነበር። እራት ቀርቦ፣ አባየ ባርከው፣ እኔ መርገም እጀምራለሁ። "ይች የተረገመች! ይች ገደል የሚያስገባት ያጣች!"

"አትርገሚያት ልጄ" ይላሉ አባየ። "ታማ ነው።"

"መኪና አይታመምም አባየ። ይበላሻል።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም!" እላለሁ፤ እሳቸው ይጎርሳሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ነገር አለ። እኔ ከእጄ መስሎኝ ተነሥቼ እጄን በሳሙና እታጠብ ነበር።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ከዋዜማው ፊልትሮውን ራሴ አጥቤ፣ ካርቡሬተሩን ራሴ ደፍቼ ነው ያደርሁ፤ ከእንግዲህ የማንም እጅ አይነካትም ብዬ። አባየ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ድጓቸውን በማኅደሩ ከተው ታቅፈው ከጎኔ ተቀመጡ። "ሐኪም ቤት ድጓ ምን ያደርጋል?" አልኋቸው። "ዓይኔን ሲገልጡልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው" አሉኝ። ከከተማ እስክንወጣ በለሆሳስ ያዜሙ ነበር።

ዘንዘልማን በሰላም አለፍን። ሐሙሲት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን እንቅ አደረጋት። ነዳጅ ብረግጥ አትሰማም፤ ሦስቴ ተንገጫግጫ ከመንገዱ ዳር ቆመች። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ሃያ ደቂቃ። ወይ ፍንክች! ሰዓቴ አንድ ሰዓት አልፏል።

ኮፈኑን ከፈትሁ። ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅዬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባሁትና ሄጄ ቁልፉን ከፈትሁ። አዲሱ ፓምፕ ዝዝዝ ብሎ ተነሣ፤ ፕላስቲኩም ተሞላ። አንስቼ ወደ ፀሐዩ ያዝሁት። ከላይ ሁለት ጣት የምትሆን ቢጫ ቤንዚን አለች። የቀረው ሁሉ ኩልል ያለ ውሃ ነው።

ፓምፑ ምን አጠፋ? የሰጡትን ነው የሚስበው።

"ውሃ!" ብዬ ጮኽሁ። "የት አባቱ ነው የሚመጣ ይኼ ውሃ!" ያችን ጎረቤቴን፣ መካኒኩን፣ የማደያውን ቀጂ፣ እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ አንድ በአንድ እየጠራሁ ሰደብኋቸው። ሌቦች አልኋቸው። የሰው ዓይን የምታጠፉ ዓይናችሁ ይጥፋ አልኋቸው።

አባየ የመኪናውን በር ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጭ አወጡ። "ልጄ፣ ውሃ ነው ያልሽ?"

"ውሃ ነው! ንጹሕ ውሃ!"

"ሰዎቹን አትስደቢ" አሉ። "የወንዛዬ ነው።"

"ምን?"

"የወንዛዬው ጠበል ነው። እኔ ነኝ የጨመርሁላት።"

ወንዛዬ ፍል ውሃው ያለበት ነው። ባለፈው ዓመት አባየ ለዓይናቸው ሱባኤ ይዘው ሁለት ሳምንት ተጠምቀውበታል፤ ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ተማሪያቸው የሆኑ ቄስ ወደ ከተማ በመጡ ቁጥር በጀሪካን ያመጡላቸዋል። ጧት ጧት በሱ ነው ዓይናቸውን የሚታጠቡት። ጀሪካኑ አልጋቸው ሥር እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጎድል ግን ጠይቄ አላውቅም።

"እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በስመ አብ ብዬ አንድ አንድ ጣሳ እሰጣታለሁ" አሉ። "ከክፍሌ በር እስከ እሷ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ክዳኑን በእጄ ዳብሼ አገኘዋለሁ፤ ሽታውም ይመራኛል። አባይ ድልድይ ላይ ቆመችብኝ ብለሽ ስትረግሚያት ስሰማ ሆዴ አልችል አለኝ። ወደ ዓይኔ የምታደርሰኝ እሷ አይደለችም ወይ? ትናንት ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ የቀረውን በሙሉ ሰጠኋት።"

"ለዓይንዎስ?"

"ለዓይኔማ ሐኪም አለ ብለሽኝ የለ?"

ይኸን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ልቤ የራራ ይመስለዋል። አልራራም። እግዜር ያውቃል አልራራም። ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ስድብ አናቴ ላይ ወጣ። ውሃ የተሞላውን ፕላስቲክ አስፋልቱ ላይ ወረወርሁት።

"የጠፋው ዓይንዎ ብቻ ይመስለኝ ነበር!" አልኋቸው። "ለካ ልብዎም ጠፍቷል! ይኸን ሁሉ መጽሐፍ የተማረ ሰው ቤንዚን ውስጥ ውሃ ይጨምራል? ከእንግዲህ ታውረው ቢቀሩ የራስዎ እጅ ነው! እኔን እንዳይሉኝ!"

አህያ እየነዳ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ቆመ። አባየን አየ፣ ጥምጥማቸውን አየ፣ እኔን አየኝ። አህያውን ነድቶ ሄደ። አባየ እግራቸውን ወደ ውስጥ መለሱ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እኔ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገባሁ። የታንከሩን መድፊያ ቡሎን ለመፍታት አሳሬን በላሁ። ሲፈታ መጀመሪያ ውሃው ነው የወረደ፤ በክንዴ ገብቶ በብብቴ ወጣ። ቀዝቃዛ ነው። ቤንዚኑ ተከትሎ ሲመጣ፣ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ ቶሎ ብዬ ገጠምሁት። ፊልትሮውን አራገፍሁ። ካርቡሬተሩን ደፋሁ። በቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ በአፌ ስቤ ተፋሁ። ቤንዚን የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከጉሮሮ አይወርድም። ይኸን ሁሉ ስሠራ እየተሳደብሁ ነው፤ የምሰድበው ግን ማንን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ያችን ጎረቤቴን በኋላ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። ይቅር ብላኛለች፤ ቤንዚን ግን ከዚያ ወዲህ አልሸጠችልኝም፤ ደግ አደረገች።

ስትነሣ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ወረታን እስክናልፍ አባየ አላዜሙም። አንድ ጊዜ ብቻ "በርዶዎታል?" አልኋቸው። ነጠላቸውን ይበልጥ ሳቡ። ውሃ ይጠጡ እንደሆነም ጠየቅሁ፤ ጠይቄ ምላሴን ነከስሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው "ተራችሁ አልፏል" ሲለኝ ያው ዐመሌ ተነሣብኝ። ካርዱን አፍንጫው ሥር ወትፌ ስጮህ አንዲት ነርስ መጣች። እጄን፣ ቀሚሴን፣ ፀጉሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየች። አባየን ክንዳቸውን ይዛ "እርስዎ ይግቡ አባቴ፤ ከሁሉም መጨረሻ ይሆናሉ እንጂ አይመለሱም" አለቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስገቧቸው፤ አንዱን ዓይን ሠሩላቸው። ሲወጡ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ነበር።

አልጋቸው አጠገብ አደርሁ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስፈልግ አደርሁ ብል ይሻላል። "አባየ፣ ተናድጄ ነው" ልበል? እሱንማ ያውቁታል። ሁልጊዜ ተናድጄ ነው። "ልቤን አይደለም" ልበል? ልቤን ነበር፤ ውሸት ደግሞ ምን ልጨምርበት። ደግሞ እሳቸው ላይ እንደገና ተናደድሁ፤ ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ጥቅልል ብለው ተኙ።

ጧት ነርሷ ከአልጋ አልጋ እየሄደች ፋሻ መግለጥ ጀመረች። አንዱ በታየው ቁጥር ክፍሉ እልል ይላል። የአጠገባችን ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው "አንተ ነህ? አንተ ነህ?" ይላሉ። የአባየ ተራ ደረሰ። ድጓውን ከማኅደሩ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው።

ነርሷ ፋሻውን ገለጠች። ዓይናቸው ቀልቶ፣ አንብቶ፣ ብዙ ጊዜ ተርገበገበ። ጣቷን አነሣች።

"ስንት ነው አባቴ?"

"ሦስት።"

"ይኸስ?"

"አንድ። ቀለበት አለበት።"

ክፍሉ እልል አለ። አባየ ግን ወደ ድጓው አላዩም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያውን ይፈልጋሉ። ነርሷ በሣቅ ወደ እኔ አመለከተች። "እኚህስ? እኚህን ያውቋቸዋል?"

አዩኝ። አራት ዓመት ያላዩኝን አዩኝ። ከግንባሬ ጀመሩ፣ ቅንድቤ ላይ ቆዩ፣ አፌ ላይ ቆዩ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እኔ አላየሁትም፤ እሳቸው ናቸው ያዩት። ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ የሚያውቁትን ሰው መልክ የሚፈልጉ ነው የሚመስሉ።

"እንጃ" አሉ ቀስ ብለው። "ፊቷን አላወቅሁትም። እስኪ ትናገርና በድምጿ ልለያት።"

አፌን ከፈትሁ። መንገድ ዳር ያን ሁሉ ያወረደ አፍ አንዲት ቃል አጣ።

"ይናገሩ እንጂ እህቴ" አለች ነርሷ።

አባየ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ጠበቁ።